አባ ጎርጎርዮስና ደቀ መዝሙራቸው ኢዮብ ሉዶልፍ

በሮማ ከተማ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራች አንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። የኢትዮጵያ መነኰሳትና ተሳላሚዎች ከብዙ ዘመን ጀምረው ያርፉባት ስለ ነበረ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» እየተባለች ትጠራለች። በ1649 ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህም በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ የተቈጠሩ ናቸው)፣ ወደዚህች ስፍራ አንድ ጀርመናዊ ጐልማሳ መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ በኤርፉርት ከተማ በ1624 የተወለደ ነው። ወደ ሮማ የተላከው የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ትፈልጋቸው የነበሩ አንዳንድ ጽሑፎች እዚያ ይገኙ እንደ ሆነ መርምር ተብሎ ነበረ። የዚያ መልእክት ፍጻሜ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በዚያች ቤት አራት ኢትዮጵያውያንን ማግኘቱ፣ ከነሱም አንዱ አባ ጎርጎርዮስ መሆናቸው ነው።

ሉዶልፍ ግእዝን ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ መምህር፣ ከመጻሕፍት ብቻ ሲማር ኖሯል። በዚያ ዘመን ይህን ቋንቋ ለመማር ለሚሻ አውሮፓዊ በእጅ የሚገባው መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነበረ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በ1513 በሮማ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት አለ፤ በግእዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ ነገር ግን ፖትከን የቋንቋውን ምንነት አላወቀምና «ከለዳዊ» ብሎ ሰየመው። ተስፋ ጽዮን የተባሉት መነኵሴ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ደክመው በ1548ና በ1549 በሮማ ያሳተሙት ሐዲስ ኪዳን አለ። ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 ያወጣው አጭር ሰዋስውና ያዕቆብ ቬመርስ በ1638 ያሳተመው መዝገበ ቃላትም አሉ፤ ሁለቱም ጕድለታቸው የበዛ ነው። ጐልማሳው እነዚህን በመሰሉ መሣሪያዎች ቃልን ከቃል እያስተያየ፣ ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን እየጠቀሰ፣ ብቻውን ብዙ መንገድ ሄደ።

እንግዲህ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጦ የመጣበትን ጕዳይ በነገራቸው ጊዜ መነኰሳቱ ይህ ነገር ከኢትዮጵያ ውጭ የማይሆን መሆኑን አስረዱት፤ ከነሱ መካከል የተማሩ ጎርጎርዮስ እንዳሉም ነገሩት። ኋላም የብራና መጽሐፍ አቅርበው አንብብ አሉት። ማንበብ በጀመረ ጊዜ ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም፤ ይልቁንም አባ ጎርጎርዮስ ሳቁ። ያነበበውን ሲተረጕም ግን ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ። ለኢየሱሳውያን መምህራን በኢትዮጵያ ምድር ተቀምጠው ሲማሩት ያስቸገራቸውን ቋንቋ ይህ ሰው ያለ መምህር ተምሮታል ብለው ለማመን አዳገታቸው። ይህን ሁሉ ሉዶልፍ ራሱ በኋላ ዘመን ጽፎታል፤ የተሳቀበትን ነገር ሳይደብቅ መጻፉም የሰውየውን ጠባይ ያሳያል።

የሳቁ ምክንያት በንባብ ቤት ላለፈ ሰው ግልጥ ነው። የግእዝ ፊደል ብዙ ነገር ይናገራል፤ ብዙ ነገርም ይሰውራል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም፤ ቀተለ ላልቶ፣ ቀደሰ ጠብቆ እንዲነበብ ከመምህር አፍ በቀር የሚያስረዳ ምልክት የለም። ሳድሱም አንድ ጊዜ ድምፅ ይኖረዋል፣ አንድ ጊዜ ዝም ይላል። ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ንባብ ሕፃኑ ከመሪጌታው ፊት ተቀምጦ ስንት ጊዜ እየተገሠጸ ይማረዋል! ኤርፉርት ውስጥ ግን መሪጌታ አልነበረም። ሉዶልፍ የቋንቋውን ዐጥንት ይዞ መጣ፤ ሥጋውና እስትንፋሱ የነበረው በእነዚያ ስደተኞች ዘንድ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋራ ወዳጅነት ነበራቸው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የአባቶች ሃይማኖት በተመለሰ ጊዜ እሳቸው ከአገራቸው ተለይተው በመጨረሻ ሮማ ደረሱ። ስለ ሃይማኖታቸው ጕዳይ የሚፈርድ ሌላ ነው። ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ፣ ይህን ልብ ባይለውም፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሁለት ቋንቋ መካከል ይኖራል፤ በግእዝ ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጕማል። የአገራችን ሊቃውንት «ሰዋስው» የሚሉት መጽሐፍም የግእዙን ቃል በአማርኛ የሚፈታ ነው። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋን ከቋንቋ ጋራ ማስተያየትን ከማንም አውሮፓዊ መማር አላስፈለጋቸውም።

የመጀመሪያው ችግር ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩበት አፍ ማጣታቸው ነበረ። አባ ጎርጎርዮስ ላቲን አያውቁም፤ ሉዶልፍም አማርኛ አልሰማም። አባቱ ፖርቱጋላዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ አንቶንዮ ዳንድራዴ የሚባል ሰው በመካከላቸው ገብቶ አስተረጐመላቸው። ኋላም አባ ጎርጎርዮስ ጣልያንኛ እየለመዱ ሲሄዱ ጥቂት በጣልያንኛ ተግባቡ። ነገር ግን አስተርጓሚ በሌለበት ሰዓት፣ የጣልያንኛውም ቃል ባለቀባቸው ጊዜ፣ ሁለቱ የጋራ አድርገው ያገኙት ግእዝ ነበረ። ይህ እጅግ የሚያስገርም ነገር ነው፤ ግእዝ በዚያ ዘመን የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ እንጂ በማዕድና በገበያ የሚነገር አልነበረምና። መነኵሴው ቀድሰውበታል፣ ዘምረውበታል፣ ጽፈውበታል፤ ስለ ዕለት ጕዳይ ግን ተነጋግረውበት አያውቁም። ጀርመናዊውም በዐይኑ እንጂ በጆሮው አያውቀውም። እንደዚህ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ከአምሐራ አንዱ ከኤርፉርት፣ የማንኛቸውም እናት ያልተናገረችውን ቋንቋ እያነሡ ይጨዋወቱ ጀመር። አንዱ ሲስት ሌላው ያርመዋል፤ ቃል ያጡለት ነገር ሲገኝም ከመጽሐፍ የተጠጋውን ቃል ፈልገው ያኖሩለታል። አስተማሪው ማን፣ ተማሪው ማን እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ለመለየት የሚያስቸግር ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም ግእዝን መነጋገሪያ ማድረግን የተማሩት በዚያው በሮማ ነውና።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የጎታው መስፍን ኤርነስት፣ ሕዝቡ «መንፈሳዊው» ብሎ የሰየመው፣ በአገልግሎቱ አኖረው። መስፍኑ የኢትዮጵያን ነገር ከሉዶልፍ በሰማ ጊዜ መነኵሴውን ለማየት ወደደ፤ አባ ጎርጎርዮስም ተጋብዘው በ1652 ጎታ ደረሱ። የበጋውን ወራት በዚያው በመስፍኑ ቤት ተቀመጡ። መስፍኑ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዐት፣ ስለ ወንዙና ስለ ተራራው ይጠይቃል፤ መነኵሴው ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ በመካከል ሆኖ ያስተረጕማል፣ ለብቻው ሲሆንም ይጽፋል። መስፍኑና ሉዶልፍ የሉተር ወገን፣ እንግዳው ከሮማ የመጡ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን፣ ጀርመንን ያጠፋው የ30 ዓመት ጦርነት በ1648 ገና በቆመ ማግስት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1681 የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ብዙው ነገሩ ከዚህ ጭውውት የወጣ ነው። ሉዶልፍም ይህን አልካደም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስም ደጋግሞ ይጠራል። ይህን ማለት የሚያስፈልገው ብዙ ሌሎች ጸሓፊዎች ካገሬው ሰው የሰሙትን እንደ ራሳቸው ግኝት አድርገው ስለ ጻፉ ነው።

ለሉዶልፍ ግን የግእዙ ዕውቀት አልበቃውም። ኢትዮጵያውያን በቤታቸው የሚነጋገሩት በሌላ ቋንቋ መሆኑን ከአባ ጎርጎርዮስ ተረድቶ ነበረና አማርኛን ደግሞ ይጠይቅ ጀመር። እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት መንገድ ገጠመው። ግእዙ «ቤተ ንጉሥ» የሚለውን አማርኛው ገልብጦ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ግእዙ «ቀተሎ ዳዊት ለጎልያድ» ብሎ ነገሩን ከአንቀጹ ሲጀምር አማርኛው አድራጊውንና ተደራጊውን አስቀድሞ አንቀጹን እስከ መጨረሻ ያቈየዋል። መጽአ መጣ ይሆናል፣ ሰምዐ ሰማ፣ ርእየ አየ፤ የጕረሮው ፊደል ይጠፋል። ማይን የሚያውቅ ውሃን አያውቅም። ደግሞም ግእዝ ንጉሡንም እረኛውንም አንተ ሲል፣ አማርኛ ለሚከበረው ሰው ሌላ አነጋገር አለው፤ ይህን ሳይማር አማርኛ የሚናገር ሰው ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ባለጌ ይባላል። ለግእዝ በሮማ የታተሙ መጻሕፍት ነበሩ፤ ለአማርኛ ግን የታተመ ሰዋስው ከቶ አልነበረም። ስለዚህ የዚህ ቋንቋ መጽሐፍ አባ ጎርጎርዮስ ራሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበረ፤ የሚጻጻፉትም በግእዝ ነው። ነገር ግን ይህ ብዙ ዘመን አልቈየም። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መርከባቸው በሶርያ ባሕር ዳርቻ፣ በእስክንድሮና አጠገብ ተሰበረችና በባሕር ሰጥመው ሞቱ። የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለመታተም የበቁት ከዚያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ በ1661 ነው። መምህሩ የዘሩትን አላዩም።

ያም ኅትመት ያለ ችግር አልተፈጸመም። መጽሐፉ በሎንዶን ሲታተም ሥራውን እንዲጠብቅ የታመነው ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌብ የሉዶልፍ ደቀ መዝሙር ነበረ፤ ከራሱ እየጨመረበት የመምህሩን ሥራ አበላሸው፤ ሉዶልፍም እጅግ አዘነ። ይኸው ቫንስሌብ በመስፍኑ ወጪ ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ግብጽ ከደረሰ በኋላ አገሩን ሳያይ ቀረ። ሉዶልፍም ያልወደደውን ኅትመት ለማረም ብዙ ዘመን ጠበቀ፤ የታረመው መዝገበ ቃላት በ1699፣ ሰዋስውም በ1702 በፍራንክፉርት ወጡ። የአንድን መጽሐፍ ስሕተት ለማረም 40 ዓመት መታገሥ ለማንም የሚቻል አይደለም፤ በነዚያም ዓመታት ሁሉ እንጀራውን የሚበላው በመንግሥት አማካሪነት ሥራ ነበረ።

አማርኛው ከሁሉ ይልቅ ዘገየ። የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1698 በፍራንክፉርት ታተሙ፤ ያን ጊዜ ሉዶልፍ የ74 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸዋል። በቃል የተማረውን፣ በወረቀት የተቀበለውን እያነሣ እየጣለ ሲሠራ ጥርጥር በገጠመው ጊዜ የሚጠይቀው መምህር አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ የሚያርመው ስሕተት አለ። ነገር ግን ስሕተቱን የሚቈጥር ሰው ነገሩ እንዴት እንደ ተሠራ አስቦ መሆን አለበት፤ የኢትዮጵያን ምድር ያልረገጠ ሰው፣ በአንድ ስደተኛ ቃል ብቻ፣ ያም ስደተኛ በባሕር ከሰጠመ በኋላ፣ የአንድን ሕያው ቋንቋ ሥርዐት ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ አወጣ። ካርል ኢሰንበርግ የአማርኛ ሰዋስውን በ1842 በሎንዶን እስኪያሳትም ድረስ፣ ከ140 ዓመት በላይ፣ ስለ አማርኛ ለማወቅ የሚሻ አውሮፓዊ የሚገልጠው ያንኑ መጽሐፍ ነበረ።

ሉዶልፍ በዚህ መካከል በ1683 ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ የሚል ደብዳቤ በግእዝ ጽፎ አሳተመ። በሁለቱ ወገን ፍቅርና ንግድ እንዲጸና ይለምናል። የተመኘው ነገር በዘመኑ አልተፈጸመም። ከ20 በላይ ቋንቋ ያውቅ ነበረ ይባላል፤ ሆኖም ዕድሜውን በሙሉ ያልተለየው በ25 ዓመቱ የሳቁበት የመነኰሳት ቋንቋ ነው። በ1701 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝና በላቲን አሳተመ፤ ይኸውም ከብዙ ዘመን በፊት ፖትከን «ከለዳዊ» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በ1704 በፍራንክፉርት ሞተ።

የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል በሉዶልፍ ሐተታ ውስጥ በመዳብ ተቀርጾ ታትሟል። ለደቀ መዝሙራቸው የጻፏቸውም ደብዳቤዎች በጀርመን አገር ተጠብቀው ኖረው፣ ዮሐንስ ፍሌሚንግ የተባለው ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አሳተማቸው።