የካርቱም ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች፤ ከገበታ እስከ አደባባይ

ስለ ጎረቤት አገር ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ጦርነቱን፣ ውሉንና ድንበሩን ነው። የሱዳን ስም ሲጠራም መተማና የዓባይ ውሃ ይቀድማሉ። ጎረቤታችን ልጆቹን እንዴት እንዳስተማረ፣ ተማሪዎቹም እንዴት እንደ ኖሩና ለአገራቸው ምን እንዳደረጉ ግን እምብዛም አናነሣም። በዚህ ጽሑፋችን የካርቱም ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ኑሮ ከኮሌጁ መመሥረት ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ባጭሩ እንመለከታለን። ለማሳየት የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚያ ዩኒቨርስቲ ተማሪው በመኝታ ቤት፣ በገበታና በክርክር ላይ ያገኘው ትምህርት በመማሪያ ክፍል ካገኘው ያላነሰ መሆኑን ነው። የሱዳንን ታሪክ ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰጥተናል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሰጠናቸውን ግን «ዓ.ም.» በማለት ለይተናል።

ለጸሐፊነት የታሰበ ቤት

ካርቱም ነጭ ዓባይና ከጣና የሚነሣው የኛው ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ዩኒቨርስቲውም የተሠራው በዚሁ በኛው ዓባይ ዳር ነው። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ኪችነር በ1898 የመሐዲስቶችን ጦር ኦምዱርማን አጠገብ ድል ካደረገ በኋላ፣ በ1885 ካርቱም ላይ ለተገደለው ለጄኔራል ጎርደን መታሰቢያ የሚሆን ኮሌጅ እንዲሠራ ከአገሩ ሰዎች 100,000 ፓውንድ እንዲዋጣ ጠየቀ። ገንዘቡም ባጭር ጊዜ ተገኘ፤ የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ተከፈተ።

ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ዝቅ ያለ ደረጃ ነበር። የመጀመሪያው የትምህርት ዲሬክተር ጄምስ ከሪ የትምህርቱን ዓላማ ሲያስረዳ፣ የሚፈለገው ጥቂት የእጅ ባለሙያና ዝቅተኛውን የመንግሥት ሥራ የሚይዝ ጥቂት ሠራተኛ ማፍራት መሆኑን አልሸሸገም። ከውጭ አገር ጸሐፊ አስመጥቶ ከመቅጠር የአገሩን ልጅ አስተምሮ ማሠራት ለገዥዎቹ ይረክስላቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ማንበብ የተማረን ሰው የሚያነበውን ሌላው ሊመርጥለት አይችልም። በ1924 የነጭ ባንዲራ ማኅበር በዓሊ አብደል ለጢፍ መሪነት በእንግሊዞች ላይ ተነሣ፤ የካርቱም የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎችም በዚያው ዓመት በከተማዋ አደባባይ ተሰለፉ። ገዥዎቹ ንቅናቄውን በኃይል ካፈኑ በኋላ የተማረውን ወጣት በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። በ1931 በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት የተመራቂዎች መነሻ ደመወዝ ሲቀነስ፣ የጎርደን ኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው አደሙ። በ1938 ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች «የተመራቂዎች ጠቅላላ ኮንግሬስ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የሒሳብ መምህር የነበረው ኢስማኢል አል-አዝሃሪ ነው። ይህ መምህር በ1954 የሱዳን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1956 መባቻ ላይም የነፃይቱን ሱዳን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀለ። ለጸሐፊነት የታሰበው ቤት ለአገሪቱ መሪ አወጣላት።

መኝታ ቤቱና የክርክሩ ጥግ

ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የነበሩት ትምህርት ቤቶች በ1945 በጎርደን ኮሌጅ ሥር ተጠቃለሉ። በ1951 ኮሌጁ በ1924 ከተከፈተው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ የካርቱም ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተባለ። የኛም የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ስለ ተከፈተ ሁለቱን እኩዮች ናቸው ለማለት ይቻላል። ነፃነት በተገኘበት በ1956 ኮሌጁ የካርቱም ዩኒቨርስቲ ሆነ። የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከወንዙ ማዶ በሻምባት፣ የመምህራን ትምህርት ደግሞ በኦምዱርማን ይሰጥ ነበር።

የተማሪው ኑሮ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው «በረክስ» የሚባለው የመኝታ ስፍራ ነው። ቀድሞ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰፈር ስለ ነበር ስሙ ከዚያው ቀረ። ለብዙ ዓመታት ተማሪው መኝታና ምግብ በነፃ ያገኝ ስለ ነበር፣ ከዳርፉር የመጣው የከብት አርቢ ልጅ ከኦምዱርማኑ ነጋዴ ልጅ ጋር ባንድ ክፍል ያድራል፤ «ሱፍራ» በሚባለው የመመገቢያ አዳራሽም ከአንድ ገበታ ይቀርባል። ከከሰላ የመጣው ስለ ምሥራቁ፣ ከኮርዶፋን የመጣው ስለ ምዕራቡ ሲያወራ ተማሪው አገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓደኛው አፍ ይማራል። ወጪውን አባት ቢከፍል ኖሮ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የዩኒቨርስቲውን በር ባላዩትም ነበር።

ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ጉድለት ግን አለ። ከደቡብ ሱዳን የሚመጡት ተማሪዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የደቡብ ትምህርት ለሚሲዮኖች ተትቶ ስለ ነበር፣ ለደቡብ ልጆች የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተላቸው በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ይህም ጉድለት ወደ ኋላ ለምንናገረው ነገር ትልቅ ትርጉም አለው።

ሴቶችም ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገቡት በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ኻሊዳ ዛሂርና ከሱዳን አርመኖች ወገን የሆነችው ዛሩሂ ሳርኪሲያን በ1952 የመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያት ሐኪሞች ሆነው ተመረቁ። ኻሊዳ በተማሪነቷ በሕዝባዊው ትግል የተካፈለች ስትሆን፣ በዚያው በ1952 የተቋቋመውን የሱዳን ሴቶች ማኅበር ከመሩት አንዷ ሆናለች።

ዩኒቨርስቲውን ከሌሎች ልዩ ያደረገው ግን የክርክር ልማዱ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ በግቢው አንድ ጥግ ቆሞ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ሥነ ጽሑፍ ይናገራል፤ ሌሎቹ ከበውት ይሰማሉ፤ ያልተስማማውም ወደ መሐል ገብቶ ይከራከረዋል። ይህ «የውይይት ጥግ» ይባላል። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ወገን በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ በግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ኮሙኒስቶችና ደጋፊዎቻቸው፣ እስላማዊው ወገን፣ የመሐሙድ መሐመድ ጣሃ ተከታዮች የሆኑት «ሪፐብሊካውያን»፣ ማንኛውንም ፓርቲ የማይከተሉትም ሁሉ በዚሁ መድረክ ይፎካከሩ ነበር። የተማሪዎች ማኅበር አመራር በምርጫ የሚያዝ ስለ ነበር በየጥጉ የሚናገረው ሁሉ ድምፅ ፈላጊ ነው። ተሸናፊውም በማግስቱ ከአሸናፊው ጋር በዚያው ሱፍራ ይበላል። አገሪቱ በወታደሮች በምትገዛበት ዘመን እንኳ ተማሪው በግቢው ውስጥ መምረጥንና መሸነፍን ይለማመድ ነበር።

የጥቅምት ሌሊት

ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ በ1958 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ፓርቲዎች ታገዱ። በደቡብም መንግሥት ዐረብኛንና እስልምናን በግድ ለማስፋፋት በመሞከሩ ጦርነቱ ተባባሰ። በ1964 መንግሥት ለደቡብ ችግር መፍትሔ እንዲፈለግ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ጋበዘ። ተማሪዎቹ ግብዣውን ተቀብለው መወያየት ሲጀምሩ ግን ክርክሩ ከደቡቡ ችግር አልፎ ወደ ወታደራዊው አገዛዝ ራሱ ደረሰ፤ ስብሰባውም ተከለከለ።

የተማሪዎች ማኅበር ክልከላውን ሳይቀበል ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (ኦክቶበር 21 ቀን 1964) ማታ በበረክስ ግቢ ስብሰባ ጠራ። ፖሊሶች መጥተው እንዲበተኑ አዘዙ፤ አስለቃሽ ጢስ ቀጥሎም ጥይት ተኮሱ። አህመድ አል-ቁረሺ ጣሃ የተባለው ተማሪ በዚያች ሌሊት ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ለመሸኘት የወጣው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቈጠር ነበር። መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ጠበቆችና መሐንዲሶች ግንባር ፈጥረው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠሩ፤ ሠራተኛውም ተከተላቸው። በአምስት ቀን ውስጥ የአቡድ ወታደራዊ ምክር ቤት ፈረሰ፤ በወሩ መጨረሻ የሽግግር መንግሥት ቆመ፤ በኖቬምበርም አቡድ ሙሉ በሙሉ ወረዱ።

የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆን የተመረጠው ሲር አል-ኻቲም አል-ኸሊፋ የትምህርት ሰው ነበር፤ በደቡብ የትምህርት አስተዳዳሪ ሆኖ በመሥራቱም በዚያ ይታወቃል። በማርች 1965 የደቡብንና የሰሜንን ወገኖች ያቀራረበው የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ በካርቱም ሲካሄድም፣ ሰብሳቢው የዩኒቨርስቲው መሪ ፕሮፌሰር ነዚር ደፋላህ ነበሩ። ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ ፋጢማ አህመድ ኢብራሂምም በ1965 የፓርላማ አባል ሆነች።

ጉባኤው ግን ስምምነት ላይ አልደረሰም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ገና በዲሴምበር 1964፣ በካርቱም መንገዶች በደቡብና በሰሜን ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር። በዩኒቨርስቲው ገበታ ጥቂት የነበረው የደቡብ ሰው በአገሪቱም ገበታ ጎደሎ ሆኖ ቀረ። ተማሪዎቹ ሊወያዩበት ሲሉ የተተኮሰባቸው ጉዳይ ከሰባት ዓመት በኋላ በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ጊዜያዊ እልባት አገኘ። ሰላሙ የቆየው ለ11 ዓመት ያህል ነው፤ ደቡብ ሱዳንም በ2011 ነፃ መንግሥት ሆነች።

ሁለቱ እኩዮች

የኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ነገር ጎላ አድርጎ ያሳየናል። የካርቱም ተማሪዎች አቡድን በጣሉበት በዚያው በ1957 ዓ.ም.፣ ከአራት ወር በኋላ በየካቲት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም አስከሬኑን ለመሸኘት በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። አንዱ ንቅናቄ ሌላውን ወለደ ብለን አንከራከርም። የሚያመሳስላቸው ግን በሁለቱም ከተማ ተማሪው ከራሱ ጥቅም አልፎ አገሪቱ ልትናገረው የፈራችውን ጥያቄ ማንሣቱ ነው። በካርቱም ጥያቄው ደቡብ ነበር፤ በአዲስ አበባ መሬት ነበር።

ከዚያ ወዲህ

የካርቱም ተማሪዎች በ1973 በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ላይ ተነሥተው ነበር፤ ኒሜሪ የወደቁት ግን በኤፕሪል 1985 በሕዝብ አመፅና በባለሙያዎች አድማ ነው። በ1989 ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ዑመር አል-በሽር መንግሥት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማስተማሪያውን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ ለወጠ፤ ነፃውን መኝታና ምግብ አስቀረ። ገበታው ሲታጠፍ የመገናኛውም ስፍራ ጠበበ። ቢሆንም የክርክሩ ልማድ አልጠፋም። በ2019 አል-በሽር ሲወርዱ ወጣቶች ለሳምንታት የተቀመጡት ከዩኒቨርስቲው ብዙም በማይርቀው የጦር ሠራዊት ጠቅላይ መምሪያ ፊት ነበር፤ በጁን 3 ቀን በደም ተበተኑ። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሁለቱ የጦር ኃይሎች መካከል ውጊያ ሲጀመር ተማሪዎችና ሠራተኞች በግቢው ውስጥ ለቀናት መውጫ አጡ። ዩኒቨርስቲው ከፍተኛ ጉዳት ደረሰበት፤ ተማሪውም በየአገሩ ተበተነ። የመነጋገሪያው ስፍራ የመተኳኰሻ ስፍራ ሆነ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ዘመኖቹን ማስጠናት ብቻ አይበቃም። በየትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ፣ የክርክር ክበብና የተማሪዎች ምክር ቤት አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የበዓል ማድመቂያ ይሆናል። አንድን አከራካሪ ጉዳይ ለሁለት ወገን ሰጥተን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወገናቸውን አለዋውጠን ብናከራክራቸው የካርቱምን የውይይት ጥግ በተግባር ያዩታል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብናቀርብላቸው መልካም ነው፤ ስለ ደቡብ ሱዳን ከተነገረው ሁሉ ይልቅ መንግሥትን ያስፈራው በአንድ መኝታ ቤት ግቢ የተጠራ ስብሰባ የሆነው ለምንድን ነው?