የጭስ መላሽ ቫልቭ (ኢጂአር) በቱርቦ ሞተር ላይ

ከሞተር የሚወጣውን ጭስ በከፊል ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ ክፍል። የተመለሰው ጭስ ኦክስጅን ስለሚያንሰው የቃጠሎውን ሙቀት ይቀንሳል፤ በከፍተኛ ሙቀት የሚፈጠረው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መርዝም አብሮ ይቀንሳል።

ቱርቦ ሲኖር ነገሩ ይከብዳል። ቱርቦው ያመቀው አየር ራሱ ግፊት ስላለው ጭሱ ሊገባ የሚችለው በግፊት ሲበልጠው ብቻ ነው። ስለዚህ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ጭሱ ከተርባይኑ በፊት ይቀዳል፣ በራዲያተር ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ይገባል።

የቦታ ከፍታም ለውጥ ያመጣል። የጎጃም ከተሞች ብቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህን የሚለካ የሞተር ኮምፒውተር የሚመለሰውን ጭስ ይቀንሳል። ተከፍቶ የተጣበቀ ቫልቭ ግን ትእዛዝ አይቀበልም፤ ከደጀን በብቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ጭነት መኪና ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል።

አዲስ ቫልቭ ሲገጠም ሞተሩ መቀዝቀዝ፣ ባትሪውም መነቀል አለበት። ዋናው ሥራ ጽዳት ነው። ጥቀርሻ ከዘይት ተን ጋር ተጋግሮ የአየር ማስገቢያውን ማኒፎልድ ያጠብባል፤ በቆሸሸ ማኒፎልድ ላይ አዲስ ቫልቭ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው። ጓርኒሲዮኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ብሎኖቹም አምራቹ ባዘዘው ልክ በየተራ ይጥበቁ። የውሃ መስመሩ ከተፈታ አየሩ ይውጣ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ የቫልቩን የመዝጊያ ቦታ በመመርመሪያ መሣሪያ ለኮምፒውተሩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ቫልቩን በቆርቆሮ መድፈን ጥገና አይደለም፤ መርዙን መንገድ ዳር ለሚኖረው ሰው ማስተላለፍ ነው።