ሰንጠረዥና የሒሳብ መኪና

ሰንጠረዥ ባገራችን የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ ኾኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። እኒህ ንጉሠ ነገሥት አባታቸው ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩትን የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን፥ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፥ አሠርተው የፈጸሙ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻም የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት መስክሯል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ካውሮጳው ቼዝ የሚለይበት ዋና ነገር ወረራ የሚባለው መክፈቻው ነው። ባውሮጳው ሥርዐት አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በወረራ ግን ተራ የለም፤ ኹለቱም የየራሳቸውን ሰልፍ ባንድ ጊዜ እያንቀሳቀሱ፥ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን እየለወጠ፥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ እጃቸው አያርፍም። ድሉም ማዕርግ አለው፤ ንጉሡን በታናሹ በመደቅ የረታ፥ በፈረስ ወይም በደር ከረታው ይልቅ ይመሰገናል።

ኮምፒዩተር ከሻምፒዮኖች ጋራ የገጠመው ባውሮጳው ቼዝ ነው። በ1942 ዓ.ም. አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን መኪና እንዴት ቼዝ ሊጫወት እንደሚችል ጽፎ አሳተመ። መኪናው የራሱን እንቅስቃሴና የተቃዋሚውን መልስ በየተራው ይዘረዝራል፤ ለየአሰላለፉም ዋጋ ሰጥቶ የሚሻለውን ይመርጣል። በ1988 ዓ.ም. የዓለሙ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ የአይ ቢ ኤምን መኪና ዲፕ ብሉን 4 ለ 2 አሸነፈው። ነገር ግን ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. በተፈጸመው ግጥሚያ፥ ተሻሽሎ የተመለሰው መኪና በሰኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ እየመረመረ 3½ ለ 2½ ረታው። በ2010 ዓ.ም. የታወቀው አልፋዜሮ ደግሞ ከጨዋታው ሕግ በቀር ምንም ሳይነገረው፥ ከራሱ ጋራ ብቻ በመጫወት በጥቂት ሰዓት ተምሮ ስቶክፊሽ የተባለውን ብርቱ ፕሮግራም በለጠ።

እንግዲህ ልብ እንበል። አልፋዜሮ መምህር አላስፈለገውም፤ ሕጉ ግን ተጽፎ ተሰጥቶታል። የኛን ሰንጠረዥ ሕግ በብዛት ጽፈው ያቈዩልን እንደ ዋልተር ፕላውደን ያሉ መንገደኞችና፥ በ1963 ዓ.ም. ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጥናት ያሳተሙት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

ይህ ነገር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ከደሴ ሙዚየም ብዙ ቅርስ ተዘርፏል። ዕቃ ሲጠፋ አሠራሩንና አገልግሎቱን የሚያስታውስ ጽሑፍ ከሌለ ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የታሪክ መምህር ከሽማግሌዎች አንደበት የሰማውን የጨዋታ ሥርዐት ኹሉ ይጻፍ። በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወጣትም ወረራን ለመኪና ለማስተማር ይሞክር። የሻነን ዘዴ በተራ ላይ የቆመ ስለ ኾነ፥ ተራ የሌለበትን ጨዋታ ማስላት ሌላ ብልኀት ይጠይቃል፤ ይህን ብልኀት ለመፈለግም ከጨዋታው ባለቤቶች ልጆች የሚቀድም ሊኖር አይገባም።