ከኮብሌንዝ እስከ ቢንገን፦ የራይን ግንቦችና የኬላ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ቤተ መዛግብት ሳይሆን ብስክሌት ነው። ባለፈው ክረምት ጀርመን በቆየሁበት ጊዜ ከኮብሌንዝ ተነሥቼ የራይንን ወንዝ ግራ ዳር በመያዝ፣ የውሃውን ፍሰት ተቃርኜ እስከ ቢንገን ተጓዝሁ። ርቀቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጎበዝ ጋላቢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኔ በየግንቡ ሥር ስቆም ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዳገቱ በወይን እርከን የተሸፈነ ነው፤ ከእርከኑ በላይ ግንቦቹ ይታያሉ። በባቡር የሚያልፍ ሰው ውበታቸውን አይቶ ያልፋል። በብስክሌት የሚሄድ ግን ሌላ ነገር ያስተውላል፤ አንዱ ግንብ ከዓይን ርቆ ሳይጠፋ ሌላው ይደርሳል። በዚህ ጠባብ ሸለቆ ይህን ያህል ግንብ ማን ፈለገው? ለምንስ?

ጦርነት አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ገንዘብ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ግንቦች የኬላ ጠባቂዎች ነበሩ። ወንዙ የንግድ አውራ ጎዳና ነበርና በገደሎቹ መካከል የሚያልፍ ጀልባ ማምለጫ አልነበረውም። ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ ደግሞ በዳር በሚሄዱ ፈረሶች ስለሚጎተት ከባለኬላው እጅ አይርቅም። የዛሬው የብስክሌት መንገድ በአንዳንድ ሥፍራ ያንኑ የፈረሶች መንገድ የተከተለ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በራይን ላይ ወደ 60 የሚጠጉ ኬላዎች እንደነበሩ ይገመታል። የሲራራ ነጋዴዎቻችን በየኬላው ሲገብሩ የኖሩትን ለምታውቁ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ከሁሉ ይበልጥ የቆምሁት ከሳንክት ጎዋር በላይ ባለው ራይንፌልስ ነው። ግንቡን በ1245 ያሠራው የካትሰንኤልንቦገን መስፍን ዲተር 5ኛ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1254፣ የራይን ከተሞች ማኅበር ፈጠሩ፤ ከዓላማዎቻቸው አንዱ ያለ አግባብ የሚጣሉ ቀረጦችን ማስቀረት ነበር። በ1255 ራይንፌልስን ከበቡ። ከበባው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሸፈ፤ ማኅበሩም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ነጋዴው መክፈሉን ቀጠለ። ቆየት ብሎ በካውብ ትይዩ፣ በወንዙ መካከል ባለች ደሴት ላይ፣ ንጉሥ ሉድቪግ ዘባቫሪያ መርከብ የሚመስለውን ፋልዝግራፈንሽታይንን አስገነባ፤ እዚያ ቀረጥ መሰብሰብ የቀረው በ1860ዎቹ ነው። በ1868 የማንሃይም ስምምነት በራይን ላይ መርከብ በማለፉ ብቻ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት ደነገገ።

ልብ በሉ፤ ግንቦቹ «ውብ» የተባሉት ቀረጡ እየሞተ በነበረበት በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። የትሪር ሊቀ ጳጳስ የኬላ ግንብ የነበረው ሽቶልዘንፌልስ በ1689 በፈረንሳይ ጦር ፈርሶ ነበር። የፕሩሲያው ልዑል ፍሪድሪክ ቪልሄልም በስጦታ ከተቀበለው በኋላ፣ ዛሬ የምናየው የበጋ ቤተ መንግሥት በ1836 እና በ1842 መካከል ተሠራ። ጎብኚ «የመካከለኛው ዘመን» ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው በአብዛኛው የባቡር ዘመን ሥራ ነው። እኔም ከመመሪያ መጽሐፌ ቀና እስክል ድረስ ፎቶግራፍ አንሥቼ ነበር።

ውበቱ ከሸፈነው ሁሉ የከበደኝ ግን ኬላው አይደለም። በ1824 ገጣሚው ሃይንሪክ ሃይነ ስለ ሎሬላይ ገደል የጻፈው ግጥም ታተመ፤ እስከ ዛሬ በጀልባዎቹ ላይ ዜማው ይሰማል። በዚያው ዓመት ሃይነ፣ ራሱ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ «የባኻራኹ ረቢ» የተባለ ትረካ መጻፍ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው በ1840 አሳተመው። ትረካው አይሁድ በክርስቲያን ደም ስለ ተከሰሱበት የሐሰት ክስ ነው። መነሻ ያለው ክስ ነው፤ በ1287 ቨርነር የተባለ ወጣት ሞቶ በተገኘ ጊዜ አይሁድ ተወነጀሉ፤ በኦበርቬዘል፣ በባኻራኽና በአካባቢው ብዙዎች ተገደሉ። ንጉሥ ሩዶልፍ ክሱን ቢያጣጥልም ወጣቱ እንደ ሰማዕት ተቆጠረ፤ ስመ ጸሎት ቤቱም በባኻራኽ ተሠራ። የትሪር ሀገረ ስብከት በዓሉን ከመቁጠሪያው ያወጣው በ1963 ነው።

ያ ጸሎት ቤት ዛሬ ጣሪያ የለውም። በቀይ ድንጋዩ መስኮቶች ወይኑና ወንዙ ይታያሉ፤ ከሸለቆው ሁሉ እጅግ የሚያምረው ፍርስራሽ ይህ ነው ብል አላጋነንሁም። ከበሩ አጠገብ አንድ ጽሑፍ የተገደሉትን ያስታውሳል። እዚያ በቆየሁበት ሰዓት ብዙ ብስክሌተኞች መጡ፤ መስኮቶቹን ፎቶግራፍ አንሥተው ሄዱ። ጽሑፉን ያነበቡት ሁለት ነበሩ።