በቀትር የመሸበት ዕለት

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 19 ቀን 1780 ረፋዱ ላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በኒው ኢንግላንድ ምድር ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። ቀትር ላይ ጨለማው ስለበረታ ቤተሰብ ምሳውን በሻማ በላ፤ ዶሮዎች መሽቷል ብለው ቆጥ ላይ ወጡ። ብዙዎች ዕለተ ምጽአት ደረሰ ብለው ለጸሎት ተሰበሰቡ። በሀርትፎርድ ከተማ የኮኔቲከት ሸንጎ ይበተን የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ አብርሃም ዳቨንፖርት የተባሉ አባል ተቃወሙ። ምጽአት ካልሆነ ሸንጎው የሚበተንበት ምክንያት እንደሌለ፣ ከሆነም ፈጣሪ በሥራቸው ላይ ቢያገኛቸው እንደሚመርጡ ተናግረው ሻማ እንዲመጣ ጠየቁ።

ፍንጭ አልጠፋም ነበር። በቀደሙት ቀናት ፀሐይዋ ቀልታ ታይታለች፤ በዝናቡ ውሃ ላይም ጥላሸት ተንሳፍፏል። ጭሱ ከየትኛው እሳት እንደመጣ ግን በእርግጥ ያወቀ አልነበረም። በ2007 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካናዳ፣ በደቡብ ኦንታርዮ የአልጎንኩዊን ደጋ የዛፎችን ዓመታዊ ቀለበት መርምረው የዚያን ዘመን የእሳት ጠባሳ አገኙ። የሰደድ እሳት ጭስ ጥፋተኛ መሆኑ በማስረጃ እስኪደገፍ 227 ዓመት ፈጀ።

በሴፕቴምበር 24 ቀን 1950 ተመሳሳይ ጨለማ እንደገና መጣ። በምዕራብ ካናዳ ከበጋው መጀመሪያ አንሥቶ ሲነድ የከረመው የቺንቻጋ ቃጠሎ ጭስ በምሥራቅ ካናዳና አሜሪካ ከተሞች ላይ ሲያርፍ፣ የመንገድ መብራት በቀን በራ። የአቶም ጦርነት ተጀመረ ብለው የደነገጡም ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ በስኮትላንድ ፀሐይ ሰማያዊ ሆና ታየች። በዚህ ጊዜ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የነፋሱን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለው ምንጩ ላይ ለመድረስ ብዙ አልዘገዩም። ያም ሆኖ የጭሱን ጉዞ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያይ ዓይን አልነበራቸውም።

ያ ዓይን ወደ ሕዋ የወጣው ቲሮስ 1 የተባለችው የአየር ሁኔታ ሳተላይት በ1960 ስትመጥቅ ነው። ትልቁ እመርታ ግን ሳይታሰብ መጣ። በ1978 በኒምበስ 7 ሳተላይት ላይ የተጫነው ቶምስ የተባለ መሣሪያ የተሠራው የኦዞንን መጠን ለመለካት ነበር። ቆየት ብሎ ተመራማሪዎች በመረጃው ውስጥ ሌላ ነገር አስተዋሉ፦ ደመና አልትራቫዮሌት ጨረርን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ጭስና የበረሃ አቧራ ግን ከፊሉን ይውጡታል። ልዩነቱን በማስላት የጭስና የአቧራ ዕለታዊ ካርታ ተሠራ። ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ፕሮስፔሮ ከ1965 ጀምሮ በባርቤዶስ ደሴት ሲሰበስቡት የኖሩት የሰሃራ አቧራ፣ ከየትኛው የበረሃ ሸለቆ እንደሚነሣ በዚህ መረጃ ማመልከት ተቻለ። በ1999 የመጠቀችው ቴራ የተባለች ሳተላይት ደግሞ በሞዲስ መሣሪያዋ የእሳቱን ሙቀትና ጭሱን አንድ ላይ ማሳየት ጀመረች።

ስለዚህ በጁን 2023 የኩቤክ ደኖች ጭስ ኒው ዮርክን ብርቱካንማ ሲያለብስ፣ ቀጥሎም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ዋሽንግተንን ሲሸፍን፣ ምንጩ እንቆቅልሽ አልነበረም። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚቆሙት ሳተላይቶች በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ፎቶ ይልኩ ስለነበር፣ ጭሱ ከጫካው እስከ ከተማው በመስመር ይታይ ነበር።

ይሁንና ከላይ የተነሣ ፎቶ ብቻውን አፍንጫችን የሚስበውን አይነግረንም። በምስሉ ላይ የወፈረው ጭስ አምስት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚያልፍ፣ ሳስቶ የሚታየውም መንደር ውስጥ የተኛ ሊሆን ይችላል። ደመና ሲኖርም ከሥሩ ያለው ይሸፈናል። ከ2006 እስከ 2023 የሠራችው ካሊፕሶ የተባለች ሳተላይት በሌዘር ጨረር ከፍታውን ትለካ ነበር፤ የምታየው ግን ከሥሯ ያለውን ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሳንባ ውስጥ የሚገባውን ብናኝ በትክክል የሚናገረው መሬት ላይ የቆመ መለኪያ ነው።

አፍሪካ የሚጎድላት ይኸው የምድሩ መለኪያ ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት በይፋ ሲያሰራጨው የነበረው የአየር ጥራት መረጃ፣ በማርች 2025 ከሌሎች ኤምባሲዎች መረጃ ጋር ተቋርጧል። የሳተላይቱ ፎቶ ዛሬም ለሁሉም ክፍት ነው። ፎቶው አቧራው መምጣቱን ሲያሳይ፣ ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ ይከፈት ብሎ የሚወስን ከንቲባ ግን ቁጥሩን ከራሱ ከተማ መሣሪያ ላይ ማንበብ አለበት።