የፍርሃት ትውስታ በአይጥ አሚግዳላ፦ ከሲናፕስ ለውጥ እስከ ዳግም መጽናት

በነርቭ ሳይንስ የፍርሃት ትምህርት የሚባለው አንድ እንስሳ ቀድሞ ምንም የማይመስለውን ምልክት ከጉዳት ጋር አያይዞ ማወቁ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የሚፈተነውም ለአይጥ አንድ ድምፅ አሰምቶ ወዲያው ከእግሩ ሥር ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት በመስጠት ነው። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግም አይጡ በማግስቱ ድምፁን ለብቻው ሲሰማ ከትንፋሹ በቀር እንቅስቃሴውን ሁሉ ገትቶ ባለበት ድርቅ ይላል። ትምህርቱ የተፈጸመባት ደቂቃ በትክክል ስለምትታወቅ፣ የአንዲት ቅጽበት ገጠመኝ ለወራት የሚዘልቅ ትውስታ የሚሆንበትን መንገድ ለመከታተል ይህ ሙከራ እጅግ ምቹ ነው።

የድምፁና የንዝረቱ መልእክት የሚገናኙት አሚግዳላ በተባለው የአንጎል ክፍል፣ በተለይም በጎናዊ እምብርቱ ውስጥ ነው። በዚያ ባሉት ሲናፕሶች፣ ማለትም ሁለት የነርቭ ሴሎች በሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች፣ ኤንኤምዲኤ የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። የድምፁ መልእክት ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ቢያመነጭም የዚህን ተቀባይ ቀዳዳ ማግኒዥየም ስለደፈነው በሩ አይከፈትም፤ ንዝረቱ ሴሉን በብርቱ ሲያነቃው ግን ማግኒዥየሙ ይወጣና ካልሲየም ይገባል። ተቀባዩ እንግዲህ የሁለት ነገሮችን መገጣጠም የሚመሰክር ሞለኪውል ነው። ማይክል ዴቪስና ባልደረቦቹ በ1990 እንዳሳዩት፣ ይህ ተቀባይ በአሚግዳላ ውስጥ ከትምህርቱ በፊት ሲታገድ አዲስ ፍርሃት አይያዝም፣ ቀድሞ የተያዘው ግን መገለጡን አያቆምም፤ መማርና የተማሩትን ማሳየት በሞለኪውል ደረጃ ይለያያሉ ማለት ነው።

የገባው ካልሲየም ኤንዛይሞችን ሲያንቀሳቅስ፣ አምፓ የተባሉ ሌሎች የግሉታሜት ተቀባዮች ወደ ሲናፕሱ ገጽ ይወጡና መጋጠሚያው ለዚያው ድምፅ የበለጠ ንቁ ይሆናል። በ2005 የወጣ ጥናት ይህ የተቀባዮች ጉዞ ከጎናዊ እምብርቱ ሴሎች ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ቢታገድም ትውስታው እንደሚዳከም አረጋግጧል። ከሰዓታት በኋላም እንዲጸና ክሬብ የተባለው ፕሮቲን በሴሉ አስኳል ውስጥ ዘረ-መሎችን አስነስቶ አዳዲስ ፕሮቲኖች እንዲሠሩ ማድረግ ይኖርበታል።

ነገር ግን ፕሮቲኖች ራሳቸው በየጊዜው እየፈረሱ የሚተኩ ስለሆኑ፣ ትውስታን በድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ጽሑፍ ማሰብ አያስኬድም። ይህን በግልጽ ያሳየው ካሪም ናደር፣ ግሌን ሻፌና ጆሴፍ ለዱ በ2000 ያሳተሙት ሥራ ነው። አይጦቹ ፍርሃቱን ከያዙ በኋላ ድምፁ አንድ ጊዜ ዳግም ተሰምቷቸው ወዲያው የፕሮቲን ምርትን የሚያግደው አኒሶማይሲን አሚግዳላቸው ውስጥ ሲጨመር፣ በማግስቱ ድርቅ ማለታቸው በእጅጉ ቀነሰ። ድምፁ ሳይሰማ መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ፣ ወይም ድምፁ ከተሰማ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሰጥ ግን ፍርሃቱ እንዳለ ቆየ፤ ውጤቱ መድኃኒቱ አሚግዳላን ከመጉዳቱ የመጣ አለመሆኑን የሚያሳየውም ይኸው ንጽጽር ነው። ዳግም መጽናት የሚባለው ይህ ክስተት፣ የጸና ትውስታም ሲታወስ ለጥቂት ሰዓታት እንደሚላላና እንደገና ለመጽናት አዲስ ፕሮቲን እንደሚፈልግ ያመለክታል።

ይህን ግኝት ወደ ሰው ለማሻገር ሲታሰብ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በጣም የቆዩና በብርቱ የተያዙ ትውስታዎች በቀላሉ አይላሉም፣ የሚለካውም የአይጡ ድርቅ ማለት እንጂ የሚሰማው ስሜት አይደለም። ለዱ ራሱ በኋላ ሙከራውን ከፍርሃት ይልቅ የአደጋ ትምህርት ብሎ መጥራት እንደሚሻል የተከራከረው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹ የሚያስረዱት እንስሳው ለአደጋ ምልክት የሚሰጠውን ምላሽ ነውና ክርክሩ ተገቢ ነው።