ሒማ እና የአዋሽ ሜዳ፦ የግጦሽና የዱር እንስሳት ጥበቃ ታሪክ በዑመር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ሚዛን

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራ የሚጓዝ ሰው በአንድ በኩል ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ በሌላው በኩል የፈንታሌን ተራራና በሥሩ የተዘረጋውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያያል። ጥቂት እልፍ ሲል ሳላ የሚሰማራበት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። በእነዚህ መካከል ግመሉንና ከብቱን የሚነዳው የከረዩ አርብቶ አደር አለ፤ አብዛኛው ከረዩ ሙስሊም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚሁ ቦታ የሚነሣ ነው። የዱር እንስሳትንና የግጦሽ መሬትን መጠበቅ በኢስላም ታሪክ በምን ሥርዓት ተከናወነ? ያ ሥርዓት በአዋሽ ሸለቆ የሆነውን ለመመዘን ምን ይሰጠናል?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው ሐረም ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሁለቱ ጥቁር የድንጋይ ሜዳዎች መካከል ያለችውን መዲናን ሐረም አድርገዋታል፤ ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋም እንዳይታደን ከልክለዋል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በመዲና ሚዳቋ ሲግጥ ቢያዩ እንደማያስደነብሩት መናገራቸው በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። ሆኖም ሐረም በወሕይ የተወሰነ ስለሆነ ማንም መሪ በራሱ ሥልጣን አዲስ ሐረም ሊያውጅ አይችልም።

ሁለተኛው ሒማ ነው፤ ይኸውም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከልቅ ግጦሽ የሚከለል መሬት ነው። ሒማ ከኢስላም በፊትም ይታወቅ ነበር። ኢማም ሻፊዒይ እንደገለጹት በጃሂሊያ ዘመን ኃያል የሆነ የጎሣ አለቃ ለምለም ስፍራ ሲያገኝ ውሻውን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያስጮኽ፣ ጩኸቱ የደረሰበትን ሁሉ ለራሱ ይከልል ነበር፤ ከዚያ ውጭ ባለው ግጦሽ ደግሞ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ይጋራ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሻሩ። ከአላህና ከመልእክተኛው በቀር ሒማ ሊኖረው የሚችል እንደሌለ ደነገጉ፤ እርሳቸውም ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። ስለዚህ የሒማ ቅርጹ ቢቀርም ባለቤቱ ተለወጠ፤ ከአለቃው ወደ ሕዝብ ተዛወረ።

የዱር እንስሳት ጥበቃ እንግዲህ ዓላማውን ከሐረም፣ የአፈጻጸም ሕጉን ደግሞ ከሒማ ሊወስድ ይችላል። የነቢዩና የዑመር ሒማዎች የተከለሉት ለፈረስና ለዘካ ግመሎች እንጂ ለአውሬ አልነበረም፤ ይህን መሸፈን ለዕውቀት ታማኝነት አይሆንም። ነገር ግን መሬትን ለጋራ ጥቅም መከለል ምን ዓይነት ፍትሕ እንደሚጠይቅ የሚያስተምረን ሒማ ነው።

የዚህ ፍትሕ ዋና ማስረጃ የኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ነው። ዑመር ረበዛንና ሸረፍን ከልለው ነበር። ቡኻሪ ከአስለም ይዘው እንደዘገቡት፣ ኸሊፋው ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን በሒማው ላይ ሲሾሙ በሙስሊሞች ላይ እንዳይከብድ፣ የተበዳይንም ዱዓ እንዲፈራ አስጠነቀቁት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ አዘዙ፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል ነገሩት። እነዚህ ሁለት ታላላቅ ሶሓቦች በዲን ከፍ ያለ ማዕረግ ያላቸው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና አዝመራ ነበራቸው። ድሃው ግን ከብቱ ቢሞት ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከወርቅና ከብር ይልቅ ውኃና ሣር መስጠት ይቀልል እንደነበር ዑመር አስረዱ። በመጨረሻም የአገሩ ሰዎች እንደተበደሉ እንደሚያስቡ አልካዱም፤ ምድሪቱ በጃሂሊያ የተዋጉላት፣ በእጃቸውም እያለች የሰለሙባት አገራቸው መሆኗን መሰከሩ። ብርቱ የሕዝብ ጉዳይ ባይኖር ኖሮ ከምድራቸው አንዲት ስንዝር እንኳ እንደማይከልሉ በመሐላ ተናገሩ።

የኋለኞቹ ፉቀሃእ ከዚህ ሕግ አውጥተዋል። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም አል-ማወርዲ «አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ» በተባለው ሥራቸው፣ ሒማን ለድሆች ለይቶ መከለል እንደሚፈቀድ፣ ለሀብታሞች ብቻ መከለል ግን እንደማይፈቀድ ጽፈዋል። ገዥ ከእረኞች የግጦሽ ዋጋ መቀበሉንም ከልክለዋል፤ ሰዎች በውኃ፣ በእሳትና በሣር ተጋሪዎች ናቸውና።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። በዩኔስኮ የተላከውና ጁሊያን ሀክስሊ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲጠናከር መከረ። የአዋሽ ፓርክ በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታወጀ፤ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከሰሜን ተራሮች ጋር በአገራችን በሕግ የታወጀ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዚያው ዘመን ወንዙም ተለወጠ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1954 በወንጂ የጀመረውን የስኳር ሥራ በ1960ዎቹ ወደ መተሐራ አስፋፋ።

ከረዩዎች ከብታቸውን በዝናብ ወራት ከወንዙ አርቀው ያሰማሩ፣ በበጋ ደግሞ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሱ ነበር። ይህ ልማድ አንዱን ስፍራ እያሳረፈ ሌላውን የሚያስግጥ ስለነበር፣ ስሙ ሒማ ባይባልም የሒማን ሥራ ይሠራ ነበር። አገዳው የያዘው በተለይ የበጋውን ግጦሽ ነው፤ ፓርኩ ሌላውን ከለለ። ከዚያ ወዲህም የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከነበረው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ በመድረስ ተጨማሪ ሣር ዋጠ።

ይህን በዑመር ትእዛዝ ብንመዝነው ስሕተቱ በጥበቃው ላይ አይደለም። ሳላና አጋዘን መጠበቃቸው ተገቢ ነው፤ እነርሱም እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን ቁርኣን አስተምሮናል። ስሕተቱ የሁነይ ትእዛዝ መገልበጡ ነው። ሌላ መመለሻ ያለው ባለ ብዙ ሀብት ወንዝ ዳር ገባ፤ ጥቂት ግመል ያለው ሰው ከበሩ ተመለሰ። የተመለሰውም ሰው ከብቱን ለማዳን ወደ ፓርኩ ዘልቆ መግባቱ፣ ከጠባቂዎች ጋርም መጋጨቱ አልቀረም። አውሬዎቹም አልተጠቀሙም። ከሻሸመኔ አቅራቢያ ካለው ሰንቀሌ በ1974 ወደ አዋሽ የተዛወረው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው የስዌይን ቆርኬ ዛሬ በፓርኩ ውስጥ የለም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የአካባቢ ማኅበረሰብም የጥበቃ ስፍራ ሊያስተዳድር የሚችልበትን በር ከፍቷል። ይህ ወደ ሒማ መንፈስ የሚቀርብ እርምጃ ነው፤ ፍሬው ግን የሚለካው በወረቀቱ ሳይሆን በድርቅ ወር በሩ ለማን እንደሚከፈት ነው።

ለመምህራንና ለኢማሞች የሚቀረው ድርሻ ይህ ነው። በሚንበር ላይ ዛፍ መቁረጥንና ያለ ልክ ማደንን የሚከለክለውን ሐዲስ እናነባለን፤ መልካም ነው። ይሁንና የመዲናን ሚዳቋ ጠቅሶ የሁነይን ትእዛዝ የሚተው ኹጥባ ግማሹን ብቻ ያስተምራል። እረኛው ዘንድ የተጠየቀው ሁሉ ከእርሱ ብቻ የተጠየቀ ሆኖ ይታየዋል፤ ቃሉም አይሰማም። ሁለቱን አብሮ ያነበበ መምህር ግን እረኛውን «የአላህን ፍጥረት ጠብቅ» ሲለው፣ የከለለውንም ወገን «የተበዳይን ዱዓ ፍራ» ለማለት ይችላል። ዑመር በሒማቸው በር ላይ የሾሙት ሰው መጀመሪያ የሰማው ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ነበር።